የኋላ ወንበሩ ላስቲክ

የምጸየፈውን ነገር ሁሉ ልዘርዝር ብል ቀኑ አይበቃኝም። ሌላ ሰው የጠጣበት ብርጭቆ፣ የሚኒባስ በር እጀታ፣ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚዞረው ያ እርጥብ ጨርቅ፣ የተቆረጠ ጥፍር፣ ማበጠሪያ ላይ የቀረ ጸጉር። ሙያዬ ደግሞ የአካባቢ ጤና ነው። በጋሞ ቀበሌዎች እየዞርኩ የሰው ሽንት ቤት ስጎበኝ፣ ጉድጓዱ ከውሃው ምን ያህል እንደራቀ በእርምጃ ስለካ፣ “እጅ መታጠቢያችሁ የታለ?” እያልኩ ሰው ስነዘንዝ ነው የኖርኩት። ጓደኞቼ ሲቆዩ ለመዱት፤ እኔን ግን እያደር ባሰብኝ። ከኮሮና ጊዜ ወዲህማ የአልኮል ጠርሙስ ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም። ባለቤቴ “ጸሎት አልቆ አሜን ሳትል እጅህን ታሻለህ” እያለች ትስቅብኛለች።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ኦቾሎ ላይ ብቻውን ቀረ። ኦቾሎ ከላንቴ ሽቅብ ተወጥቶ፣ አባያ ሐይቅን ቁልቁል የሚያይ አፋፍ ላይ ያለ መንደር ነው። አባቴ እዚያ ተወልዶ፣ እግሩን ሽመና ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ጋቢና ቡሉኮ ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው። ዓይኑ ሲደክም ሽመናውን ተወው፤ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሲያቅፍ እንኳ መጀመሪያ የልብሱን ጨርቅ በጣቱ ዳሰስ ያደርጋል።

“አባባ ከእኛ ጋር ይኑሩ” ያለችው ባለቤቴ ናት። አርባ ምንጭ ያለው ቤታችን ትርፍ ክፍል አለው፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችንም አያቷን ትወዳለች። አባቴ ወዲያው እሺ አላለም። “ሁለት ሳምንት ልቀመጥና ልየው። ሁለተኛው እሑድ ላይ እቀራለሁ ወይም እሄዳለሁ ብዬ እነግራችኋለሁ” አለ። ቃል ከሰጠ ከሰጠ ነው።

እንዲቀር እፈልግ ነበር። ይህ ቀድሞ ይታወቅልኝ። አፋፍ ላይ ብቻውን ወድቆ የሚያነሳው ሰው አጥቶ ይሞታል የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

ግን በመጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንሶላው ረጥቦ አገኘሁት። ብርድ ልብሱን አስተካክሎ ደርቦበት ነበር። እኔ ሙዝ ነጋዴዎች ጭነታቸውን የሚሸፍኑበትን ወፍራም ጥቁር ላስቲክ ገዝቼ መጣሁና ለሁለት ቆረጥኩት። አንዱን ከአንሶላው ሥር፣ አንዱን ደግሞ የመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ፣ እሱ በሚቀመጥበት በኩል፣ አነጠፍኩ። “ለአቧራ ነው፣ አባዬ” አልኩት። ላስቲኩን በሁለት ጣቱ ይዞ አሸት አሸት አደረገው። “ጥሩ ነገር ነው። ውሃ አያሳልፍም” አለኝ። የሸማኔ አስተያየት ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በኋላ በተገላበጠ ቁጥር ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ጠዋት ጠዋት እሱ ከክፍሉ ሲወጣ ገብቼ አሸታለሁ። አንድ ሰው የገዛ አባቱን አልጋ ጎንበስ ብሎ ሲያሸት ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ባለቤቴ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ተመለሰች።

ሁለተኛው እሑድ ደረሰ። ከአምልኮ ወጥተን መኪና ውስጥ ገብተን ወደ ቤት ልታጠፍ ስል፣ ባለቤቴ እጄን ያዝ አደረገችኝ። “ዛሬ ቤት አንግባ። ጫካ እንሂድ። አባባ ምንጮቹን ይዩ።”

“አሁን?” አልኳት። “ሳሙና የለን፣ ፎጣ የለን፣ ቅያሪ ልብስ የለን። ጫካ እኮ እንዲህ ዘው ተብሎ አይገባም።”

“ሰው ለሽርሽር ሲሄድ ደስ ይለዋል እንጂ ዕቅድ አያወጣም” አለች። ልጄ ከኋላ ማጨብጨብ ጀመረች። አባቴ፣ ከእኛ ጋር ሁልጊዜ በጋሞኛ ነው የሚያወራው፣ ጎረምሳ ሳለ ጋቢ ተሸክሞ ከኦቾሎ በእግሩ ሲወርድ እነዚያ ምንጮች ዘንድ እየተንበረከከ ይጠጣ እንደነበር ነገረን። “ያን ውሃ ደግሜ ልጠጣና መልሱን እዚያው እነግራችኋለሁ” አለ። ባለቤቴ በድል አድራጊነት አየችኝ። መሪውን ወደ ታችኛው የከተማው ክፍል፣ ወደ ሲቀላ አዞርኩ።

መንገድ ላይ ደግሞ አሳ ይገዛ አለች። ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ትልቅ አሳ፣ በተቃጠለ ዘይት ተጠብሶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። ወረቀቱ በዘይት ወዝቶ ግልጽ ሆኗል፤ ሆድ ዕቃው የት እንደተጣለ ለማወቅ ከቤቱ ጀርባ የሚጮኸውን የዝንብ መንጋ መስማት ይበቃል። ዳታው፣ ያ የሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያ፣ በቀጭን ፌስታል ተቋጥሮ ልጄ እግር ሥር ተቀመጠ። መስኮት ከፈትኩ። ከአሳው ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ያለ መሰለኝና በመስታወቱ አባቴን አየሁት። ዓይኖቹን ጨፍኖ ላስቲኩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

ጫካው ውስጥ ስትገባ ያ የሲቀላ ሙቀት በአንድ ጊዜ ከላይህ ይወርዳል። ሾላዎቹ ሥሮቻቸውን እንደ ግድግዳ አቁመው፣ ቅርንጫፋቸው ሰማዩን ዘግቶት፣ ጉሬዛ ከላይ እየዘለለ፣ ውሃ ከድንጋይ ሥር ዝም ብሎ ይፈልቃል። ከተማው ስሙንም የሚጠጣውንም ከዚህ ነው ያገኘው። ይህን ሁሉ ባይ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ግን ያየሁት መሬቱን ነው። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የተጨማደደ ፌስታል፣ የማንጎ ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ የተጋጠ አጥንት፤ እንደኛው ለመዝናናት የመጣ ሰው ጥሎት የሄደ ነው። አንድ ዝንጀሮ ጉቶ ላይ ተቀምጦ የሕፃን ዳይፐር እየበለተ ነበር። ውስጡን በጣቱ አውጥቶ አየና፣ አሸተተና፣ እሱ እንኳ ተጸይፎ ወረወረው። ልጄ በሳቅ ወደቀች።

አባቴ ጫማውን አውልቆ ወደ ውሃው ቀረበ። ልጄ አብራው ሄዳ ጠጠር ልትወረውር ስትል እጇን ያዘ። “ምንጭ አጠገብ አይተፋም፣ አይሸናም፣ አይጸዳዱበትም” አላት። “ያንን ያደረገ ሰው ጎሜ ነው የሚሆንበት። ክልክል ጥሷል። በሰው ፊት ቆሞ እኔ ነኝ ካላለ፣ ዕዳው ልጆቹ ላይ ይወርዳል፤ ይታመማሉ።”

ባለቤቴ ዘማሪ ናት፤ እንዲህ ያለ ወሬ አትወድም። “አባባ፣ እሱ እኮ የድሮ ነው” አለች ቀስ ብላ።

“የድሮ ነው” አለ አባቴ ተስማምቶ። “አሁን ጌታ አለ። መትፋት ግን አሁንም አይቻልም።”

ልጠጣ ብሎ ጎንበስ ሲል ባለቤቴ መጀመሪያ ምሳ እንብላ፣ ውሃው የትም አይሄድም አለችና ጠራችው። ተመልሶ መጣ።

ከእኛ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ሌላ ሾላ ሥር አንድ ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ሰውዬውን በመልክ አውቀዋለሁ፤ ሲቀላ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ አንድ ሁለቴ ከእሱ ገዝቻለሁ። ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ነው የመጣው። ምንጣፉ ጫፍ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ አለ። ገና ሰላም ከመባባላችን ሚስቱ የተቆረጠ ሐባብ በሳህን ላከችልን። ቢላውን በምን እንዳጸዳችው፣ እጇ ምን እንደነካ፣ ማን ያውቃል። ፈገግ ብዬ አመሰገንኩና የደረሰኝን ቁራጭ ማንም ሳያየኝ ከሾላው ሥር ሸጎጥኩት። አባቴ የእሱን እስከ ነጩ ድረስ በልቶ፣ ወደእነሱ ዞሮ ራሱን ዝቅ አደረገ።

አሳው ሲቀርብ ግን እጁን ሰበሰበ። የደጋ ሰው ነው፤ አሳ አልለመደም። “እናንተ ብሉ” አለ። እኔ ነኝ ያልተውኩት። ሳምንቱን ሙሉ ሆዱ እንደማይመቸው፣ ቶሎ ቶሎ እንደሚወጣ እያየሁ፣ “ለሆድ ቀላል ነው፣ አባዬ። የባለሙያ ቃል ነው” አልኩት። አጥንቱን ለቅሜ፣ ዳታ ነክሬ፣ ትልቁን ቁራጭ ሰጠሁት። ልጁ በእጁ ያቀረበለትን የሚመልስ አባት አይደለም። በላው። ሌላ ጨመርኩለት፤ ያንንም በላው።

ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ጋደም አለች። እኔ በደረቅ ወረቀት ጣቶቼን አንድ በአንድ ስጠርግ፣ በአልኮል ሳሽ፣ ሳሸት፣ እንደገና ሳሽ ቆየሁ፤ የአሳው ሽታ አልለቅ አለኝ። በዚያ መሀል ነጋዴው ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥሎ ከትልልቆቹ ሥሮች ጀርባ ሲሄድ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ክንዱን እያራገፈ ተመለሰ። አባቴም “እግሬን ላፍታታ” ብሎ ተነሳና በዚያው አቅጣጫ ሄደ። ሲመለስ አላየሁትም። ዘወር ስል መኪናው አጠገብ ነበር፤ ልጄን ላስቲኩን ከወንበሩ አምጪልኝ ብሏት፣ እሱ ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢውን ከወገቡ በታች ጠቅልሎት ነበር። ደክሞት ነው አልኩ።

ልጄ ኮዳዋን ልትሞላ ወደ ምንጩ ወረደችና አፍንጫዋን ይዛ ተመለሰች። “አባ፣ ውሃው ጋ ካካ አለ።”

ሄጄ አየሁት። ውሃው ከሚፈልቅበት ሦስት እርምጃ እንኳ አይሞላም። ገና ትኩስ ነው፤ ቀጥኖ ድንጋዩ ላይ ወርዷል፣ ዝንቡ ጥቁር አድርጎታል። ሰፋፊ ቅጠሎች ተለቅመው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው በላዩ ተከድነዋል፤ ግን አልበቁትም። ጎንበስ ብዬ ቋቅ አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የተናገርኩት ሁሉ፣ የለጠፍኩት ሥዕል ሁሉ፣ የሰበሰብኩት ስብሰባ ሁሉ እዚያ ድንጋይ ላይ የተቀመጠብኝ መሰለኝ። ቅጠሎቹ በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለምን እንደተደረደሩ ለማሰብ አንዲት ደቂቃ ብታገሥ ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፈውም ነበር።

አልታገሥኩም። ቀና ስል ዓይኔ ያረፈው አረንጓዴው ማንቆርቆሪያ ላይ ነው። ውሃ ይዞ ሄዷል፣ ክንዱን እያራገፈ ተመልሷል። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል።

ምንጣፉ ጫፍ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም። “ይህ ውሃ የሚጠጣ መሆኑን ታውቃለህ?” አልኩት።

ሰውዬው ብርቱካን ይልጥ ነበር። “አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ምነው?”

“ማንቆርቆሪያህን ይዘህ ሄደህ የሠራኸውን ተነስና እየው።”

ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ። ብርቱካኑን አስቀመጠ። “እኔ ለሶላት ነው የታጠብኩት። ያውም ከውሃው ርቄ፣ ከመንገዱ ወዲያ። ምን አይተህ ነው?”

“ያየሁትንማ ዝንቡ ይነግርሃል” አልኩት። በዚያች ሰዓት በዚህ አነጋገሬ ኮርቼ ነበር፤ አሁን ሳስታውሰው ምላሴን ነው የምጸየፈው። ሚስቱ “አስተውለህ ተናገር እንጂ” ብላ ተነሳች። ልጆቹ እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ገቡ። ከወዲያ ማዶ ሲዝናኑ የነበሩ ሰዎች እየተነሱ መጡ፣ ከበቡን። ሰው ሲከበኝ ድምፄ ይጨምራል፤ የስብሰባ አመል ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደሱ ቢያደርግ ከተማው ምን እንደሚጠጣ አስረዳሁ። ስለ ኮሌራ አስረዳሁ። ከዚያ “አንተ” ማለቱን ትቼ “እናንተ” ማለት ጀመርኩ። “እናንተ ስትባሉ” አልኩ፣ ዓረፍተ ነገሩንም አልጨረስኩትም፤ መጨረስም አላስፈለገውም፣ ሁሉም ሰምቶታል።

ነጋዴው ተነስቶ ቆመ። ከእኔ ይረዝማል። “ልጆቼ ፊት አታዋርደኝ” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከከበቡን አንዱ ከእሱ ወገን፣ ሌላው ከእኔ ወገን መናገር ጀመረ። አንዱ የአንዱን ደረት ገፋ። ባለቤቴ ከኋላ እጅጌዬን ትጎትታለች፤ አራገፍኳት።

ሰዎቹ መሀል መንገድ ሲከፈት ያየሁት ያኔ ነው። አባቴ በባዶ እግሩ እየመጣ ነበር። በሁለት እጁ ከምንጩ ዳር የነቀለው እርጥብ ሣር አለ፤ ሥሩ ላይ ጭቃ አለው። በጋሞ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሀል ይንበረከካል፤ እሱን ተራምዶ የሚያልፍ የለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲደረግ አይቻለሁ። አባቴ መጥቶ በሁለታችን መሀል ተንበረከከ። ፊቱን ያዞረው ግን ወደ ነጋዴው ነው፤ ለእኔ ጀርባውን ሰጠኝ።

ከገበያ ብቻ በተማረው አማርኛ ተናገረ። “ልጄ፣ ተው። ያ እኔ ነው። ውሃ ጋ ያደረገ እኔ ነው። ሆድ እምቢ አለ፣ እግር አልደረሰም። አንተ አልበደለም። የእኔ ልጅ አላወቀም። ይቅር በል።”

ሲንበረከክ ጋቢው ከወገቡ ተፈቶ ነበር። ሱሪው ከኋላ እስከ ጉልበቱ ድረስ ረጥቧል፣ ቀለሙም ተለውጧል። ሽታው ደረሰኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያሸተትኩት፣ ከአንሶላ ሥርና ከመኪና ወንበር ላይ ስፈልገው የከረምኩት ሽታ ነው።

ከእኔ እሱ ድረስ ሦስት እርምጃ ነበር። ሄጄ ከመሬት ላነሳው ይገባ ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ደንግጬ ነው፣ እግሬ ተሳስሮ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። ልብ ብዬ አስታውሳለሁ፤ አልደነገጥኩም። የቱ ጋ ይዤ እንደማነሳው ነበር የማስበው፤ በብብቱ ብይዘው ይነካኛል ወይስ አይነካኝም እያልኩ። አባቴን ተጸየፍኩት። ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ የአልኮሉን ጠርሙስ ጨብጦ ነበር።

ነጋዴው እሱም ተንበረከከ። ከአባቴ እጅ ሣሩን ተቀበለውና ግንባሩ ላይ አስነካው፤ ልማዱን ከየት እንደተማረው አላውቅም፣ እኛ መሀል ስንት ዘመን ኖሯል። ከዚያ በሁለት ክንዱ ከብብቱ ሥር አቅፎ አነሳው። የገዛ ሸሚዙ ሲበላሽ አየሁ፤ እሱ ቀና ብሎም አላየውም። “አባቴ፣ ይህ በሁሉም ቤት ያለ ነው” አለው። ለሚስቱ “ሽርጤን አምጪ” አላት፣ ማንቆርቆሪያውን በአንድ እጁ አነሳ፣ በሌላው አባቴን ደግፎ ከመንገዱ ወዲያ፣ ከውሃው ርቆ፣ ከዛፎቹ ጀርባ ይዞት ሄደ።

የሚፈስ ውሃ ድምፅ ሰማን። ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ አንደኛዋ ልጁ ሮጣ በጄሪካን ጨመረች። ከብቦን የነበረው ሰው እያቀረቀረ ተበተነ። ባለቤቴ በፌስታል እጇን ሸፍና፣ አሸዋ እያፈሰሰች ያንን ድንጋይ ጠረገችው፤ ያፈሰችውን ርቃ ቀበረችው። ልጄ ቅጠል ታቀብላታለች። ከቤተሰባችን ይህ እንዴት እንደሚደረግ የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ጊዜ ከዛፎቹ ጀርባ የሁለት ሰው ሳቅ ተሰማ። አባቴ ቤቴ ውስጥ በከረመበት ሁለት ሳምንት ሲስቅ ሰምቼው እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ።

ሲመለስ ሰማያዊ መስመር ያለበት ሽርጥ ታጥቆ ነበር። ሱሪው በፌስታል ተቋጥሮ በእጁ ነው። ለነጋዴው ይቅርታ ልጠይቅ ተጠጋሁ፤ አንዳንድ ቃል ተናግሬያለሁ መሰለኝ። ሰውዬው “አባትህን ወደ ቤት ውሰዳቸው” አለኝና ዘወር ብሎ ምንጣፉን ማጠፍ ጀመረ።

አባቴ መኪናው ጋ ደርሶ አልገባም። መሬት ላይ የነበረውን ላስቲክ አንስቶ፣ አራግፎ፣ ራሱ የኋላ ወንበር ላይ አነጠፈው። ጠርዙን በመዳፉ አስተካክሎ፣ እጥፋት እንዳይኖረው ወጠር አድርጎ፣ ከዚያ ተቀመጠበት። ልጄ አጠገቡ ገብታ ሽርጡን ዳበሰችው። “አያዬ፣ ውሃውን ጠጥተህ እነግራችኋለሁ ብለህ አልነበር? ትቀራለህ?”

“ውሃውን አልጠጣሁም” አላት። “ያቆሸሸ ሰው አይጠጣም።”

ማታ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ “አባዬ” አልኩት፤ “ደክሞኛል፣ ነገ” አለኝ። ይቅርታ ማለት ለእኔ ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ በሥራዬ በየቀኑ እላለሁ። ያን ቀን ግን ይቅርታ ብል ስለ የቱ እንደሆነ እሱም እኔም እናውቀው ነበርና፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ተመለስኩ።

ጠዋት ስነሳ አልጋውን አንጥፏል። ከአንሶላው ሥር የነበረው ላስቲክ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ከጎኑም ሽርጡ። ሻንጣው በሩ ሥር ነው። ባለቤቴ አለቀሰች፣ ለመነችው፤ በእርጋታ እጇን ሳመና “ቤትሽ ጥሩ ነው፣ ልጄ” አላት። ለእኔ ሽርጡን አጣጥፎ ሰጠኝ። “አጥቤዋለሁ፣ አትፍራ” አለኝ። “ለባለቤቱ አድርስለት።”

መናኸሪያ ድረስ አደረስኩት። በላንቴ በኩል ወደ ላይ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶት ነበር። ሻንጣውን እኔ ጫንኩ። እሱ ከጋቢው ሥር የታጠፈ ጥቁር ነገር አወጣ፤ የመኪናዬ የኋላ ወንበር ላስቲክ ነው። መቼ እንዳነሳው አላየሁም። ሰው እያየው በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ ዘረጋው፣ ጠርዙን አስተካከለው።

ሹፌሩ ዘወር ብሎ አየውና “አባባ፣ አያስፈልግም እኮ። ወንበሩ ንጹሕ ነው” አለው።

“ንጹሕ ስለሆነ ነው” አለ አባቴ። ተቀመጠና ላስቲኩን በሁለት ጣቱ አሸት አድርጎ ለሹፌሩ አሳየው። “ጥሩ ነገር ነው፣ ውሃ አያሳልፍም። ልጄ ነው የገዛልኝ።”